ስለ ሰርጓጅ መርከቡ ልብ ወለድና ስለ ደራሲው፦ ለደብዳቤዎቻችሁ መልስ

ባለፈው እትም አንድ የድሮ የጦርነት ልብ ወለድ እንደገና እያነበብኩ እንደሆነ በሁለት መስመር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ስለ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ የተጻፈ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለዚያው ናቸው። ከባሕር ይህን ያህል ርቀን ተራራ ላይ የምንኖር ጎንደሬዎች ስለ ሰርጓጅ መርከብ እንዲህ መጠየቃችን በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ሁሉ አቆይቼ በዚሁ ላይ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ መጽሐፉ ምን ይባላል? ታሪኩስ ምንድን ነው? እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ልብ ወለድ ብዙም አላነብም። ሰርጓጅ መርከብ ሲሉ ግን ጆሮዬ ቆመ።» (አስተማሪ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ በእንግሊዝኛ «ራን ሳይለንት፣ ራን ዲፕ» ይባላል፤ ድምፅህን አጥፍተህ፣ ጠልቀህ ሂድ ማለት ነው። የታተመው በ1955 ነው። ደራሲው ኤድዋርድ ቢች የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ነው።

ታሪኩን የሚነግረን ሪቻርድሰን የሚባል የመርከብ አዛዥ ነው። መጀመሪያ የምናገኘው በአንዲት አሮጌ የማሠልጠኛ ሰርጓጅ መርከብ ላይ ነው። ምክትሉ ጂም ብሌድሶ ይባላል። ጎበዝ ነው፣ ደፋር ነው፣ ችኩልም ነው። ጂም የአዛዥነት ፈተና ይቀርባል። በፈተናው ቀን ግን መርከቧንም ሰዎቿንም አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ያደርጋል። ሪቻርድሰን ራሱ የሰጠውን የድጋፍ ቃል እዚያው መልሶ ይወስዳል። ጂም ወደቀ። ከዚያ ቂሙ ሳይሽር ሁለቱ «ዋልረስ» በምትባል አዲስ መርከብ ወደ ፓሲፊክ ጦርነት አብረው ይዘምታሉ፤ አንዱ አዛዥ፣ አንዱ ምክትል ሆነው።

በጃፓን በኩል ደግሞ የአሜሪካን ሰርጓጅ መርከቦች እያደነ የሚያሰጥም አንድ የዲስትሮየር፣ የፈጣን የጦር መርከብ፣ አዛዥ አለ። አሜሪካኖቹ «ቡንጎ ፒት» የሚል ስም አውጥተውለታል። በመሃል ሪቻርድሰን እግሩ ይሰበርና የብስ ላይ ይቀራል። ዋልረስን ጂም ይረከባታል። ያ የወደቀው ልጅ አዛዥ ሲሆን አንበሳ ሆኖ ተገኘ። ዋልረስ ግን አንድ ጊዜ ወጥታ ሳትመለስ ቀረች። ሪቻርድሰንም «ኢል» በምትባል ሌላ መርከብ ቡንጎ ፒትን ፍለጋ ይወጣል።

በመሃሉ የፍቅር ታሪክም አለ፤ ሁለቱ ሰዎች አንዲት ሴት ይወዳሉ። እሱ ክፍል ደካማ ነው። ዝለለው ብልህ ብዙ አይቀርብህም።

አንተን የሚይዝህ ባትሪው ይመስለኛል። የዚያ ዘመን ሰርጓጅ መርከብ አብዛኛውን ጊዜ የምትጓዘው ከውሃው በላይ ነበር። ከላይ ስትሆን በናፍጣ ሞተር ትሄዳለች፤ ባትሪዋንም ትሞላለች። ናፍጣ ለመቃጠል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ስትሰርግ ሞተሩ ይጠፋና ያላት ባትሪ ብቻ ይሆናል። «ጋቶ» የሚባለው ዓይነት 95 ሜትር ይረዝማል፤ 24 ቶርፔዶ፣ በውሃ ውስጥ ራሱ ተጉዞ መርከብ የሚመታ ፈንጂ ማለት ነው፣ ይይዛል። ከላይ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ከሥር ግን በሙሉ ኃይሉ፣ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ከሄደ ባትሪው አንድ ሰዓት አይሞላም። በሰው እርምጃ ቀስ ካለ 48 ሰዓት ያህል ይቆያል። እንግዲህ ከላይህ ጠላት ቦምብ እየጣለ፣ አንተ ደግሞ ከሥር በእግረኛ ፍጥነት ነው የምትሸሸው። አየሩ እየከበደ ይሄዳል። አዛዡ በጭንቅላቱ ሒሳብ እየሠራ ነው፦ ምን ያህል ባትሪ ቀረ? ከመንጋቱ በፊት ወጥቼ መሙላት እችላለሁ? ቢች ይህን ሒሳብ ገጽ በገጽ ያሠራሃል። ለተማሪዎችህ ከዚህ የተሻለ የኤሌክትሪክ ትምህርት አላውቅም።

ወደ ጎርጎራ ስትወስዳቸው ደግሞ ይህን ንገራቸው። ጣና በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጋቶ ፔሪስኮፗን፣ ከሥር ሆና ላይኛውን የምታይበትን ቱቦ፣ ብቻ አውጥታ ለመደበቅ 18 ሜትር ያህል ውሃ ትፈልጋለች። ያ ሁሉ ውሃ ለእሷ መደበቂያ አይሆናትም ማለት ነው። የተፈቀደላት ጥልቀት 90 ሜትር ነበር፤ ከእሷ በኋላ ለተሠሩት 120።

ጥያቄ፦ «መምህራችን ደራሲውን እርሱት፣ ጽሑፉን ብቻ አንብቡ ይለናል። እርስዎ ግን ስለ ደራሲው ካወቅሁ በኋላ መጽሐፉ ሌላ ሆነብኝ ብለው ጽፈዋል። የደራሲውን ሕይወት ማወቅ ምን ይጨምራል? ደግሞስ ምን አወቁ?» (የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ልጄ፣ የመምህርሽ ምክር ለብዙ መጽሐፍ ይሠራል። ለዚህኛው አይሠራም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገርሽ።

መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብኩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኜ ነው። የፒስ ኮር መምህራችን አገሩ ሲገባ ትቶልን ከሄደው ካርቶን ውስጥ ነበር። ያኔ የገረመኝ ቶርፔዶው ነው። ከጂምም ጋር ወገንኩ። ሪቻርድሰን ምቀኛ መሰለኝ፤ ጎበዙን ልጅ ጣለው አልኩ። ሁለተኛውን ቅጂ ያገኘሁት በቅርቡ ፒያሳ ላይ አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጋ ልጅ ነው። ሽፋኑ የለም፤ ውስጡ ግን ሙሉ ነው። አሁን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ሳሳልፍና ስጥል የኖርኩ ሰው ነኝ። ያቺን የፈተና ምዕራፍ ሳነብ ሌሊቱን ሙሉ ከሪቻርድሰን ጋር ነበርኩ። የምትወደውን ልጅ፣ ጉብዝናውን እያየህ፣ «ገና አልደረስክም» ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጂም ቢያልፍና ሰው ቢያስጨርስ ዕዳው የማን ይሆን ነበር?

ይህ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከየት አመጣው ብዬ ነው ስለ ቢች ማንበብ የጀመርኩት።

ከአባቱ እንጀምር። አባቱም ስሙ ኤድዋርድ ቢች ነው፤ እሱም የባሕር ኃይል መኮንን፣ እሱም ለወጣቶች ልብ ወለድ የሚጽፍ። በ1916 «ሜምፊስ» የምትባል ትልቅ የጦር መርከብ አዛዥ ነበር። ነሐሴ 29 ቀን መርከቧ ሳንቶ ዶሚንጎ ፊት ለፊት መልሕቅ ጥላ ቆማለች። ድንገት ግዙፍ ማዕበል መጣ። በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያቺ የብረት ተራራ ቋጥኝ ላይ ወጥታ ተሰባበረች። ከ40 በላይ መርከበኞች ሞቱ። አባትዬው ፍርድ ቤት ቀረበ። በፍጥነት ለመነሣት የሚያስችል እንፋሎት አላዘጋጀህም ተብሎ ተፈረደበት። ቅጣቱ በኋላ ተቀነሰለት፤ ሥራውም ላይ ቆየ፤ ፍርዱ ግን ፍርድ ነው። ልጁ የተወለደው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1918 ነው። ያደገው እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ነው። የሜምፊስን ነገር ራሱን በቻለ መጽሐፍ የጻፈው በ1966፣ ከባሕር ኃይል ጡረታ በወጣበት ዓመት ነው። በ1995 ደግሞ፣ በሰባዎቹ ዕድሜው፣ ፐርል ሃርበር፣ ጃፓን በ1941 የደበደበችው ሃዋይ ያለው የአሜሪካ የጦር ወደብ፣ በመመታቱ ጥፋቱ ሁሉ ለተጫነባቸው ሁለት አዛዦች ጥብቅና የቆመበትን መጽሐፍ አወጣ። አንድ አዛዥ ለምን ያህሉ ይጠየቃል? የትኛው የእሱ ጥፋት፣ የትኛው የማዕበሉ ነው? ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የጠየቀው ይህንኑ ይመስለኛል። ልብ ወለዱም ቢሆን ከላይ ሲያዩት የበቀል ታሪክ ይመስላል እንጂ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ጦርነቱ ልምጣ። ቢች ከባሕር ኃይል አካዳሚ በ1939 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። በ1942 መጀመሪያ «ትሪገር» የምትባል አዲስ ሰርጓጅ መርከብ ላይ ተመደበ። የጋቶ ዓይነት ናት፤ ልብ ወለዱ ውስጥ ዋልረስን ስታነቢ ትሪገርን እያየሽ ነው። እዚያ ላይ ከተራ መኮንንነት እስከ ምክትል አዛዥነት አደገ። እስከ 1944 አልተለያትም። ከዚያ «ቲራንቴ» ወደምትባል ሌላ መርከብ ተዛወረ። ጓደኞቹ ትሪገር ላይ ቀሩ። መጋቢት 28 ቀን 1945 ትሪገር ምሥራቅ ቻይና ባሕር ላይ ተመታች። አንድም ሰው አልተረፈም። በዚያው ሰሞን ቢች ቲራንቴ ላይ ሆኖ በዚያው አካባቢ ይዘምት ነበር።

ይህን ካወቅሽ በኋላ ዋልረስ ሳትመለስ የቀረችበትን ምዕራፍ ተመልሰሽ አንብቢው። ሪቻርድሰን በሕይወት የቀረው እግሩ ስለተሰበረ ነው። ቢች በሕይወት የቀረው ስለተዛወረ ነው። መርከቧን፣ ሰዎቿን፣ እያንዳንዱ የሚተኛበትን አልጋ ያውቃል። ልጅ ሆኜ ሳነብ ያ ምዕራፍ ቶሎ አልፎ ወደ በቀሉ የሚወስደኝ መሸጋገሪያ ነበር። አሁን እዚያ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ተቀመጥኩ። ሪቻርድሰን የሟቾቹን ስም ሲያስብ፣ ማን ሚስት ነበረው፣ ማን ገና ልጅ ነበር ሲል፣ ደራሲው ስም ብቻ እንደለወጠ ይሰማሻል።

ልብ ወለዱን የጻፈው የት እያለ እንደሆነ ደግሞ ልንገርሽ። ከ1953 እስከ 1957 የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የባሕር ኃይል ረዳት መኮንን ነበር። በ1954 ጃንሆይ አሜሪካን ጎብኝተው ዋይት ሐውስ ባረፉ ጊዜ ቢች እዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ቀን የቤተ መንግሥት ሥራ፣ ማታ ማታ ደግሞ የጽሕፈት መኪና።

አንድ ሌላ ሥራውን ደግሞ ልጨምርልሽ። በ1960 «ትራይተን» የምትባል በኑክሌር የምትሠራ ሰርጓጅ መርከብ ይዞ ዓለምን ከውሃ ሥር ዞረ። ዙሩ ራሱ 60 ቀን ከ21 ሰዓት ፈጀ። ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ አላደረገም። በመንገድ ላይ አንድ መርከበኛ በኩላሊት ጠጠር ታመመ። ቢች ጉዞውን አዙሮ ከሌላ መርከብ ጋር ተገናኘ፤ የመርከቧን አናት ብቻ ከውሃ አውጥቶ ሕመምተኛውን አስረከበ። ለታሪክ መዝገብ ብሎ አንድ ሰው ሲሰቃይ ዝም አላለም። ከትሪገር ሰዎች በኋላ ሌላ ነገር ሊያደርግ ይችል ነበር ብዬ አላምንም።

መምህርሽ እንዳለው ደራሲውን ረስተሽ ብታነቢ ጥሩ የጀብዱ ታሪክ ታገኛለሽ። ደራሲውን ይዘሽ ብታነቢ ግን የሐዘን መጽሐፍ ነው።

ጥያቄ፦ «ቶርፔዶው ዒላማውን መትቶ ሳይፈነዳ ይቀራል ብለው ጽፈዋል። ያ የልብ ወለድ ማጣፈጫ ነው ወይስ እውነት?» (የጋራዥ ባለሙያ፣ ከአራዳ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ እንዲያውም እውነቱ ከልብ ወለዱ ይብሳል። ማርክ 14 የሚባለው የአሜሪካ ቶርፔዶ ሦስት በሽታ ነበረበት። አንዱ ሌላውን ይሸፍናል። አንዱን ስታድን ሁለተኛው ብቅ ይላል። አንተ ሞተር ስትፈታ ይህን ታውቀዋለህ።

የመጀመሪያው፦ ከተሞላለት ጥልቀት ሦስት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ከመርከቧ ሥር አልፎ ይጠፋል። በ1942 አድሚራል ሎክዉድ የሚባል አዛዥ አውስትራሊያ ላይ የዓሣ መረብ አስዘርግቶ ቶርፔዶ አስተኮሰበት። ቀዳዳው የት እንደሆነ ለክተው አወቁ። እስከዚያ ድረስ ግን የባሕር ኃይሉ የጦር መሣሪያ መሥሪያ ቤት «ችግሩ ከቶርፔዶው ሳይሆን ከተኳሾቹ ነው» ይል ነበር።

ሁለተኛው፦ ቶርፔዶው ከመርከቧ ሥር ሲያልፍ በብረቷ መግነጢስ ተቀስቅሶ እንዲፈነዳ የተሠራ መሣሪያ ነበረው። አንዴ ቀድሞ ይፈነዳል፣ አንዴ ጭራሽ አይፈነዳም። በ1943 አጋማሽ አጥፉት ተባለ።

ሦስተኛው፦ መሣሪያው ከጠፋ በኋላ ቀጥ ብሎ የመታው ቶርፔዶ አልፈነዳ አለ። በሐምሌ 1943 «ቲኖሳ» የምትባል ሰርጓጅ መርከብ አንዲት ትልቅ የጃፓን መርከብ መትታ አቆመች። ከቆመችም በኋላ አዛዡ አንድ በአንድ እየተኮሰ በጠቅላላው 15 ቶርፔዶ ላከባት። 11ዱ ነክተዋት አልፈነዱም። አንዱን የቀረውን ለምርመራ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ሃዋይ ላይ ቶርፔዶ ወደ ገደል ተኮሱ፤ ከክሬን ላይም ወደ ብረት ጣሉ። የተገኘው ነገር ይህ ነው፦ ዒላማውን ዘጠና ዲግሪ፣ አለቀለት በሚባልበት ሁኔታ ሲመታ፣ ፈንጂውን የሚመታው መርፌ በግጭቱ ኃይል ይጣመማል። ሰያፍ ሲመታ ግን ይሠራል። ጎበዝ ተኳሽ የሚቀጣበት መሣሪያ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ እስኪስተካከል ጦርነቱ ከተጀመረ 21 ወር ገደማ አለፈ። ሰው ነፍሱን አስይዞ ጠላት አፍንጫ ሥር ይደርሳል፤ ይተኩሳል፤ «ጥ» የሚል የብረት ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ከዚያ ዲስትሮየሩ የተተኮሰበትን መስመር ይዞ ይመጣበታል። ቢች ትሪገር ላይ ይህን በዓይኑ አይቷል። ልብ ወለዱ ውስጥ ያለው ንዴት የራሱ ነው።

ጥያቄ፦ «መጽሐፉን የልጄ ስልክ ላይ አግኝቼ አነበብኩት። በመጨረሻው ሪቻርድሰን መርከባቸው ሰጥማ በጀልባ ላይ ያሉ ሰዎችን ይገድላል። እኔ የሰው ነፍስ ለማትረፍ የተማርኩ ነርስ ነኝ። ይህን እንዴት ለአንባቢ ይመክራሉ?» (ነርስ፣ ከቸቸላ)

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ትክክለኛውን ቦታ ነው የያዙት። እኔም ከዚህ ገጽ በቀላሉ አላለፍኩም።

የሆነውን ለሌሎች አንባቢዎች ልናገር። ሪቻርድሰን የቡንጎ ፒትን መርከብ ያሰጥማል። ጃፓናዊው አዛዥና ባለሙያዎቹ ግን በጀልባ ወጡ። የብስ ቅርብ ነው። በማግሥቱ ሌላ መርከብ ይሰጣቸዋል፤ ተመልሰው ሌላ ዋልረስ ያሰጥማሉ። ሪቻርድሰን መርከቡን አዙሮ ጀልባዎቹን ይጨፈልቃቸዋል።

በሕግ ይህ ወንጀል ነው። መርከቡ የሰጠመበት ሰው ከውጊያ ውጭ እንደሆነ ገና በ1907 የሄግ ስምምነት ላይ ነበር፤ የ1949ኙ ሁለተኛው የጄኔቫ ስምምነት ደግሞ በግልጽ አጠነከረው። ነገሩ ከባዶ የተፈጠረም አይደለም። በጥር 1943 «ዋሁ» የምትባል የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ አንዲት የጃፓን ወታደር ማጓጓዣ ካሰጠመች በኋላ በጀልባዎቹና በውሃው ላይ ባሉት ላይ ተኩስ ተከፈተ። በኋላ እንደታወቀው ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ በጃፓን የተማረኩ የሕንድ ወታደሮች ነበሩ። በአሜሪካ በኩል የሚዋጉት የእንግሊዝ ጦር አባላት ማለት ነው። የዋሁ አዛዥ በዚያን ጊዜ በጀግንነት ተመሰገነ። እሱም በዚያው ዓመት መኸር ላይ ከነመርከቡ ጠፋ።

እንግዲህ ቢች ይህን ድርጊት ለማን ሰጠው? ለክፉ ሰው አይደለም። በጥንቃቄው ለምንወደው፣ ጂምን «ሰው ታስጨርሳለህ» ብሎ ለጣለው ሰው ሰጠው። መጽሐፉ ሲጀምር ሪቻርድሰን የአገሩን ትልቁን ሜዳሊያ የተሸለመ ጀግና መሆኑን አስቀድሞ ይነግረናል። ታሪኩ ራሱ ጀግናው ለሕዝብ ቅስቀሳ ብሎ በድምፅ መቅረጫ የተናገረው ተደርጎ ነው የተጻፈው። ሜዳሊያውን መጀመሪያ አየን፤ ጀልባዎቹን መጨረሻ። በ1955 አሜሪካ፣ ድሉ ገና ትኩስ በሆነበት ጊዜ፣ አንድ የባሕር ኃይል መኮንን እንዲህ አድርጎ መጻፉ ቀላል ድፍረት አይደለም። ሪቻርድሰን ከዚያ በኋላ ሰላም የለውም። አንባቢውም እንዲኖረው አልተፈቀደለትም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ቢች ድርጊቱን አይኮንንም፣ አያጸድቅምም፣ እዚያ ላይ ከእርስዎ ጋር አልስማማም ብል እዋሻለሁ፤ ቢኮንነው እኔም እወድ ነበር። ግን የሐዘን መጨረሻ ወዴት ሊወስድ እንደሚችል አልደበቀንም። የትሪገርን ሰዎች ያጣ ሰው፣ ያሰጠሟቸውን ሰዎች በጀልባ ላይ ቢያገኛቸው ምን ያደርግ ነበር? ይህን ጥያቄ ራሱን የጠየቀ ይመስለኛል። ለዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብቻውን አንብብ ብዬ አልሰጥም። ከእርስዎ ጋር ቁጭ ብሎ ያንብበው።

ጥያቄ፦ «እኔ ምፅዋ ያገለገልኩ የቀድሞ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አባል ነኝ። አሁን ጎንደር ነው የምኖረው። እኛ ሰርጓጅ መርከብ አልነበረንም፤ ታሪኩ ግን እኛንም የሚነካን ይመስለኛል። ጋሼ ስለዚህ የሚያውቁት ካለ ቢጽፉልን።» (የቀድሞ መርከበኛ፣ ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ይነካናል። እንዲያውም ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ይነካናል።

«ኢትዮጵያ» የተባለችውን ዋና መርከባችሁን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቋታል። ከእኛ በፊት ስሟ «ኦርካ» ነበር። የባሕር አውሮፕላን አገልጋይ ሆና ተሠርታ በ1944 ወደ ፓሲፊክ ዘምታለች፤ ፊሊፒንስ፣ ሌይቴ ባሕረ ሰላጤ ድረስ። ቢች ሰርጓጅ መርከብ ላይ በሚዋጋበት በዚያው ጦርነት ማለት ነው። ለእኛ የተሰጠችው በ1962 ነው። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ፣ ከትሪገር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የእርስዎ እግር የረገጠው ወለል የዚህ ታሪክ አካል ነበር።

ሁለተኛው ደግሞ ጎንደሬውን ሁሉ ሊያስደነግጥ ይችላል። «ጎንደር» የምትባል ሰርጓጅ መርከብ ነበረች። የእኛ አይደለችም፤ የጣሊያን ናት። ፋሺስቶች አገራችንን ከወረሩ በኋላ አንድ ዓይነት 17 ሰርጓጅ መርከቦች ሠሩና አብዛኞቹን በእኛ ቦታዎች ስም ሰየሟቸው። አድዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ደሴ፣ ተንቤን፣ አሸንጌ፣ ነገሌ፣ አላጌ። አያቶቻችን የተዋጉበትንና የሞቱበትን ስም ወስደው ቶርፔዶ ተሸካሚ ላይ ጻፉት። ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ።

«ጎንደር» በ1937 ውሃ ላይ ወረደች። በመስከረም 1940 ሰው የሚጋልባቸው ትንንሽ ቶርፔዶዎችን ጀርባዋ ላይ ጭና ወደ እስክንድርያ ወደብ ተላከች። እቅዱ በሌሊት እዚያ ያሉትን የእንግሊዝ መርከቦች ማፈንዳት ነበር። አልሆነም። መስከረም 29 ቀን ማታ «ስቱዋርት» የሚባል የአውስትራሊያ ዲስትሮየር አገኛት፤ አውሮፕላንም ተጨመረ። ሌሊቱን ሙሉ ከሥር ሆና ስትደበደብ አደረች። በማግሥቱ ተገዳ ወጣች። ሠራተኞቿ ዘለሉ፤ እሷ ሰጠመች። ከተማረኩት መካከል የእነዚያ የሚጋለቡ ቶርፔዶዎች ፈልሳፊ ከሆኑት ሁለት መኮንኖች አንዱ ነበር። ከተማችን ጎንደር ራሷ ነፃ የወጣችው፣ ጄኔራል ናሲ እጅ የሰጠበት ቀን፣ ኅዳር 27 ቀን 1941 ነው። መርከቧ ከተማዋን ዓመት ከሁለት ወር ያህል ቀድማት ሄደች።

«መቀሌ»ን ደግሞ ምፅዋ የነበሩ ሰው ሊሰሟት ይገባል። መሠረቷ እዚያው ምፅዋ ነበር። ጣሊያን ጦርነት ውስጥ በገባች በቀናት ውስጥ፣ በሰኔ 1940፣ ቀይ ባሕር ላይ ስትጓዝ ከማቀዝቀዣ መሣሪያዋ የሾለከ መርዛማ ጋዝ ሠራተኞቿን ጭንቅላታቸውን አዞረው። አቅጣጫ ጠፋባቸው። ሱዳን ዳርቻ ድንጋይ ላይ ወጥታ ቀረች። በ1941 ምፅዋ ልትያዝ ስትል ከዚያ የተረፉት አራት የጣሊያን ሰርጓጅ መርከቦች አፍሪካን ዙረው ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ገቡ። ከእነዚያ 17 እህትማማች መርከቦች ጦርነቱን ጨርሳ የወጣችው «አላጌ» ብቻ ናት።

እኔ ታዲያ ቢችን ሳነብ እነዚህም ጭንቅላቴ ውስጥ ነበሩ። በ«ጎንደር» ውስጥ ያቺን ሌሊት ያደሩት ጣሊያናውያን ወራሪዎች ነበሩ። ከሥር ሆነው ሲደበደቡ የሰሙት ድምፅ ግን ቢች የጻፈው ድምፅ ነው።

ወንድሜ፣ የምፅዋ ዘመንዎን ጽፈው ቢልኩልን በዚህ ዓምድ ቦታ አለዎት። እርስዎ ካልጻፉት ማን ይጽፈዋል?

ጥያቄ፦ «ፊልም አለው አሉ። ፊልሙን ብናይ አይበቃም? ካልሆነስ ከየትኛው መጽሐፉ ልጀምር?» (የቡና ቤት ባለቤት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ፊልሙ በ1958 ወጥቷል። ክላርክ ጌብል ሪቻርድሰንን፣ በርት ላንካስተር ብሌድሶን ሆነው ይሠራሉ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው፤ የፈተናው ነገር የለም፣ መጨረሻውም ተለውጧል። ያቺ ነርስ እህታችን የጠየቀችው ጥያቄ ፊልሙ ውስጥ አይነሣም። ስለዚህ አይበቃም።

መጀመር ያለብህ ከልብ ወለዱ አይደለም ብዬ እመክርሃለሁ። ቢች በ1952 «ሰብማሪን!» የሚል የእውነተኛ ታሪክ መጽሐፍ አውጥቷል። የትሪገርን ታሪክ በየመሃሉ እየተረከ የሌሎቹንም መርከቦች ያስከትላል። በዚያ ጦርነት አሜሪካ 52 ሰርጓጅ መርከቦችና 3,500 ያህል ሰዎች አጥታለች፤ የባሕር ኃይሉን ሠራተኛ 2 በመቶ እንኳ የማይሞሉ ሰዎች ከሰጠመው የጃፓን ንግድ መርከብ ከግማሽ በላዩን ያሰጠሙት በዚህ ዋጋ ነው። መጀመሪያ ያንን አንብብ። ከዚያ ልብ ወለዱን። ሪቻርድሰንን ከወደድከው ሁለት ተከታይ አሉት፤ አንዱ በ1972፣ ሌላው በ1978 የወጡ ናቸው። የመጀመሪያውን ያህል አይዙም፤ ግን ሰውዬውን ከለመድከው ታነባቸዋለህ። የእኔን ቅጂ የሚፈልግ ካለ ለአንባቢያን አውሳለሁ። ሽፋን ስለሌለው በካኪ ወረቀት ሸፍኜዋለሁ፤ ቡና እንዳታፈሱበት።